ስለ ኮምፒዩተር የሥዕል ሰሌዳና ስለ ሐይቅ ብራና

«በኮምፒዩተር የሚሣል ሥዕል ሥዕል አይደለም፤ መኪናው ነው የሚሥለው» የሚል አነጋገር በግቢያችን ደጋግሞ ይሰማል። ተናጋሪዎቹ ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኞቹ ብሩሽ ጨብጠው ያደጉ፥ ሥዕል የሚያውቁ ሰዎች ሲሆኑ ነገሩን በንቀት ይናገሩታል። ሁለተኞቹ ደግሞ መሣል እየተመኙ «እጄ አይታዘዝልኝም» ብለው የተዉት ናቸው፤ እነዚህ ያንኑ ቃል በተስፋ ይሉታል፤ መኪናው ከሣለልኝ እኔ ምን ቸገረኝ ማለታቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱ መሆናቸውን ለማስረዳትና፥ ሰሌዳው እጁ የገባ ተማሪ ከየት መጀመር እንደሚሻለው የማውቀውን ያህል ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። በመንገዴም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጎራ እላለሁ፤ ምክንያቱን አንባቢ ሲደርስበት ያየዋል።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንይ። ግራፊክስ ታብሌት የሚባለው ነገር ከደብተር ጥቂት የሚያንስ ወይም የሚበልጥ፥ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል፤ ከርሱም ጋር አንድ ብዕር ይመጣል። ብዕሩ ቀለም አይተፋም፥ ሰሌዳውም ላይ አንዳች ምልክት አይቀርም። ብዕሩ በሰሌዳው ላይ ሲሄድ መስመሩ የሚወጣው በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ነው። ስክሪንና ሰሌዳ አንድ ላይ የሆኑበት ውድ ዐይነት መኖሩ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የተማሪ ኪስ የሚችለው ስክሪን የሌለውን ስለ ሆነ፥ ከዚህ በኋላ «ሰሌዳ» ስል እርሱን ማለቴ ነው።

ነገሩ ትናንት የመጣ ይምሰል እንጂ ዕድሜው ከወላጆቻችን ዕድሜ ጋር የሚስተካከል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. አሜሪካ አገር ራንድ የሚባለው የምርምር ድርጅት አንድ ሰሌዳ ሠርቶ አሳየ። የሚጻፍበት ቦታ 10 ኢንች በ10 ኢንች ነበር። ከሥሩ እጅግ የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች በእያንዳንዱ ኢንች 100 እየሆኑ ተዘርግተውበት ነበር። ዋጋው 18,000 ዶላር ስለ ነበረ ከምርምር ቤት አልፎ ወደ ሠዓሊ ጠረጴዛ ሊደርስ አልቻለም። በ1983 ጃፓን አገር ዋኮም የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞ ገመድ የሌለው ብዕር ካወጣ ወዲህ ግን ዕቃው ቀስ በቀስ ሠዓልያን እጅ ገባ። ዛሬ ትንሹ ሰሌዳ ከአንድ መካከለኛ ስልክ ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

አብዛኞቹ የዛሬ ብዕሮች ባትሪ የላቸውም፤ ታዲያ ሰሌዳው ብዕሩ የት እንዳለ በምን ያውቃል? የገደል ማሚቶን ያስቧል። ከገደል ፊት የቆመ እረኛ ይጮኻል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ድምፁም ተመልሶ ይመጣለታል። ሰሌዳው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በውስጡ የተዘረጋው የሽቦ መረብ ለጥቂት ቅጽበት ኤሌክትሪክ ይለቅቅና መግነጢሳዊ ሞገድ ይፈጥራል። በብዕሩ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ እርሱ ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ ያስተጋባል። ያን ጊዜ ሰሌዳው መላኩን አቁሞ ያዳምጣል፤ ማስተጋባቱ በየትኛው ሽቦ ላይ እንደ በረታ ለክቶም የብዕሩን ቦታ ይለያል። የብዕሩ ጫፍ ሲጫን ደግሞ የማስተጋባቱ ቃና በጥቂቱ ይለወጣል፤ ከዚህም የእጅን ግፊት ያውቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሰሌዳው የሚያውቀው ብዕሩ የት እንዳለና ምን ያህል እንደ ተጫነ ብቻ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ብዕሩ ወዴት እንዳዘነበለ ይጨመራል። ከዚህ ሌላ አንዳች አያውቅም። የምንሥለው ዐይን ይሁን ጀበና ለርሱ አንድ ነው። በእጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መስመር በስክሪኑም ላይ ተንቀጥቅጦ ይወጣል፤ እንዲያውም ወረቀት ሻካራ በመሆኑ እጅን በመጠኑ ይይዛል እንጂ የሰሌዳው ገጽ ለስላሳ ስለ ሆነ መንቀጥቀጡ ይብስበታል። ስለዚህ መኪናው ይሥልልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ማዘኑ አይቀርም።

ሻጮች «8,192 የግፊት ደረጃ አለው» እያሉ ያስተዋውቃሉ። በኔ አስተያየት ለዚህ ቁጥር ተብሎ ገንዘብ መጨመር ከንቱ ነው። የሰው እጅ ይህን ያህል ደረጃ ለይቶ ሊጫን አይችልም። ይልቅስ ሊጠየቅ የሚገባው ብዕሩ ባትሪ ይፈልጋል ወይ? መለዋወጫ ጫፍ አብሮት ይመጣል ወይ? ከስልክ ጋርስ ይሠራል ወይ? የሚለው ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ኮምፒዩተር ለሌለው ተማሪ ዋና ነገር ነው፤ አዳዲሶቹ ብዙዎቹ በትንሽ ማገናኛ ገመድ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ይሠራሉና።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። እርሳስና ወረቀት የያዘ ሰው ዐይኑና እጁ አንድ ቦታ ናቸው። ሰሌዳ የያዘ ግን እጁ ጠረጴዛ ላይ፥ ዐይኑ ስክሪን ላይ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ጀማሪን የሚያስመርረው ይህ ነው፤ «ሥዕል አይሆንልኝም» ብሎ የሚተወውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት እንጂ ተሰጥዎ አጥቶ አይደለም። ነገር ግን የመሰንቆ ተጫዋች ጣቶቹን እያየ አይጫወትም፤ እጁ ቦታውን ለምዶታልና። እንደዚሁም እጅ ሰሌዳውን ይለምዳል። ለኔ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ፤ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ የሠራ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ቀን ከተቀመጠ ሰው ቀድሞ እንደሚለምድ ግን በጓደኞቼ ላይ አይቻለሁ።

ከልምምዱ በፊት አንድ ነገር መስተካከል አለበት፤ ይኸውም የሰሌዳውና የስክሪኑ ቅርጽ ነው። የሰሌዳው ርዝመትና ስፋት ከስክሪኑ ርዝመትና ስፋት ጋር በመጠን ካልተመጣጠነ እጅ ክብ ሠርቶ ስክሪኑ እንቁላል ያሳያል። የሚመረመርበት ቀላል መንገድ አለ። የሃይላንድ ክዳን ሰሌዳው ላይ አስቀምጦ በብዕሩ ዙሪያውን መዞር ነው። በስክሪኑ ላይ የወጣው ክብ ካልሆነ፥ ከሰሌዳው ጋር በሚመጣው ፕሮግራም ገብቶ የሚሠራውን የሰሌዳ ክፍል ከስክሪኑ ቅርጽ ጋር እንዲመጣጠን ማሳጠር ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ ሁለት ወር የሠራ ሰው እጁ የተሳሳተ መጠን ይለምድና ኋላ ማረሙ ይቸግረዋል። የግፊቱም ልክ እንደዚሁ እንደየሰው እጅ መስተካከል አለበት፤ እጁ ከባድ የሆነ ሰው ብዕሩን ጠንከር፥ እጁ ቀላል የሆነ ለስለስ ያድርገው። ለግራኝም ሰሌዳውን አዙሮ መጠቀሚያ ምርጫ አለ።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ጀማሪው ምን ይሣል? በየቪዲዮው ትምህርት የሚሰጡት መምህራን አብዛኞቹ የጃፓን ካርቱን ፊት እያሣሉ ነው የሚጀምሩት። የጃፓን ካርቱን የራሱ ውበት አለው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ለጀማሪ እጅ የሚስማማ፥ ከሰሌዳው ጠባይም ጋር እጅግ የሚገጥም የሥዕል ትምህርት በራሳችን አገር በብራና ላይ ተቀምጦልናል፤ ወደ ሐይቅ የምሄደውም ስለዚህ ነው።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው በሐይቁ ውስጥ፥ ቀድሞ ደሴት በነበረውና ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘው መሬት ላይ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው ወደዚህ መጥተው በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን የትምህርት ቦታ አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚባል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ እንደ ነበረው የታሪክ ተማሪዎች ያውቁታል። ገዳሙ ካሉት መጻሕፍት አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ አራቱ ወንጌል ሲሆን «የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል» በመባል ይታወቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያረፉት በ1292 ስለ ሆነ መጽሐፉ የተጻፈው በሕይወት ሳሉ ነው። በውስጡም የርሳቸው ሥዕል ይገኛል።

እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ሆኖም መጽሐፉን በዐይኔ አላየሁትም። ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ ሴት አትገባበትምና። ይህን የምለው የገዳሙን ሥርዓት ለመንቀፍ አይደለም፤ ሥርዓቱ ከኔ በፊት የነበረ፥ ከኔም በኋላ የሚኖር ነው። ወንድሞቼ በበዓለ እስጢፋኖስ ገብተው ሲወጡ የነገሩኝን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሥዕሉን ግን ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ነው። በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ይህም ወንጌል ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ አገር በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት ይገኛል። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ የመጻሕፍቱ ነገር ብዙ ሰው አስጨንቆ ነበር፤ ቅጂ የማስቀመጥን ጥቅም ያን ጊዜ ያልተረዳ የለም።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ የነበረው ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ሥዕል ለሚያጠና የታሪክ ሊቅ ይህ ጉድለት ነው። ለመሣል ለሚማር ግን ጥቅም ሆኖ አገኘሁት። ቀለሙ ሲወገድ የሚቀረው መስመሩ ነውና። ጀማሪ ደግሞ ሊማር የሚገባው በመጀመሪያ መስመርን ነው፤ ቀለም የደካማ መስመርን ነውር ይሸፍናል።

የዚያን ዘመን የወንጌል ሥዕሎች የተመለከተ ሰው ይህን ያስተውላል። ሰዎቹ ፊት ለፊት ቆመዋል፥ ዐይናቸው ሰፊ ነው፤ ጥላና ብርሃን የለም። ልብሱ የታጠፈበት ቦታ በቀጥታና በጎባጣ መስመሮች ይገለጣል እንጂ በቀለም መድመቅና መፍዘዝ አይገለጥም። በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታ በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላል። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ «አልቻሉበትም ነበር» ይላል። ይህ የማያስተውል ሰው ፍርድ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጊዜ ተሠምሮ የቀረ ነው፤ አያመነታም። ዛሬ ሰሌዳ ይዞ አንድ የልብስ እጥፋት በአንድ ትንፋሽ ለመሠመር የሞከረ ሰው ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያውቃል።

አሁን የብራናውን አሠራር ከሰሌዳው አሠራር ጋር እናስተያይ። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ዳምጦና ፍቆ ካዘጋጀ በኋላ ወዲያው አይጽፍም። በወስፌ ከዳርና ዳር ነቁጥ ይነቁጣል፤ ከነቁጥ ወደ ነቁጥም በወስፌው ጀርባ ወይም ጫፍ ያለ ቀለም ይሠምራል። ይህ መስመር ቀለም የለውም፤ በብራናው ላይ እንደ ሥርጉድ ሆኖ ይታያል፤ ፊደሉን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፥ ግን እርሱ ራሱ አይነበብም። በኮምፒዩተር ሥዕል ውስጥ ሌየር የሚባል ነገር አለ። ይኸውም በላይ በላይ እንደ ተደረደረ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ነው፤ አንዱን ሳይነኩ በሌላው ላይ መሣል፥ ያስፈለገውንም መደበቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ሌየር የወስፌው ሌየር መሆን አለበት። በዚያ ላይ የገጹ መካከል፥ የራስ ቁመት፥ የትከሻ ስፋት፥ የዐይን መስመር በቀጭኑ ይሠመራል። ሥዕሉ ሲያልቅ ሌየሩ ይደበቃል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ይዘሉና ፊቱ ከሥዕሉ መካከል ወጥቶ፥ እግር የሚገባበት ቦታ ጠፍቶ ይደነግጣሉ።

ሁለተኛው የመስመር ሌየር ነው። ሦስተኛው የቀለም ሲሆን ከመስመሩ በታች ይቀመጣል። ሠዓሊው በብራና ላይ መስመሩን ካወጣና ቀለሙን ከሞላ በኋላ የደበዘዘውን መስመር በጥቁር እንደገና ማጉላት ያስፈልገዋል፤ ቀለሙ መስመሩን ስለሚበላው። በኮምፒዩተር ግን ቀለሙ ከታች ስለሚገባ መስመሩ አይነካም። እዚህ ላይ መኪናው በእውነት ድካም አቀለለልን፤ መመስገን ባለበት ይመስገን።

የመስመር ልምምዱን ከፊደል መጀመር እመክራለሁ። ስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ብሩሽ ይመረጥና «ሀ» «ለ» «መ» «ሠ» በቁም ጽሕፈት ይጻፉ፤ ወፍራሙ ቋሚ ወፍራም፥ ቀጭኑ ማያያዣ ቀጭን ሆኖ። ፊደላችንን ሁላችንም ስለምናውቀው የተበላሸው ወዲያው ይታወቃል፤ ያልታወቀ አበባ ሥሎ ከመበላሸቱ ጋር መለማመድ ይቀላልና እርሱን አልመክርም። ትልቅ ይጻፉ፤ ክንድ ከትከሻ ጀምሮ ይንቀሳቀስ። ሰሌዳው ትንሽ ሲሆን ሰው ከእጅ አንጓው ብቻ ይሥላል፤ መስመሩ አጭርና የተቆራረጠ ይሆንበታል፥ አንጓውንም ያመዋል።

ከፊደል ቀጥሎ ሐረግ ነው። ሐረግ የሚባለው በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌና በዳር የሚሣለው፥ እንደ ተክል ሐረግ የሚጠላለፈው ጌጥ ነው። ሐረግን ለትምህርት እጅግ የወደድሁበት ምክንያት ሁሉን በአንድ ስለሚያስተምር ነው። ከሁለት መስመር የተሠራ አንድ ገመድ ከሌላው በላይ ያልፋል፤ በሚቀጥለው መገናኛ ደግሞ በታች ያልፋል፤ ይህን ተራ አንድ ጊዜ ያሳሳተ ሰው ጠቅላላው ጠለፋ ይፈርስበታል። ስለዚህ መጀመሪያ በወስፌው ሌየር ላይ እኩል እኩል ነቁጦች ይደረጋሉ፤ ከዚያ አንዱ ገመድ ለብቻው በአንድ ሌየር፥ ሁለተኛው ገመድ በሌላ ሌየር ይሠመራል። በመጨረሻ በየመገናኛው ላይ በተራ በታች የሚያልፈው ይጠፋል። ይህን በአንድ ሌየር ላይ የሠራ ሰው አንዱን አጠፋለሁ ሲል ሁለተኛውንም ይቆርጠዋል፤ ሌየር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። ፕሮግራሞቹ በግራ የሠሩትን በቀኝ የሚደግም መስተዋት የሚመስል መሣሪያ አላቸው። ሐረግ በዚህ መሣሪያ በሩብ ሰዓት ያልቃል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሐረጎች ያለ መስተዋት ቢሠሩ የተሻለ ነው እላለሁ፤ ግራ እጃችን ከቀኛችን እንደሚለይ ሁሉ የብራናው ሐረግ ግራና ቀኙ በጥቂቱ ይለያያል፤ ሕይወት የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ስለ ማጥፋት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በብራና ላይ የተሳሳተ ጸሐፊ ቀለሙን በካራ ይፍቃል። የተፋቀው ቦታ ሻክሮ ይቀራል፤ ከተፋቀ በኋላ የተጻፈበትም ቀለም ይደማል። ስለዚህ እጁን ሳያነሣ ያስባል። በኮምፒዩተር ላይ ግን ኮንትሮልና ዜድ የሚባሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ነው፤ ስሕተቱ እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ለሚማር እጅ ግን አደገኛ ነው። አንድ ጓደኛችን የአንድ አፍንጫ መስመር ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሲሠምርና ሲያጠፋ ቆጥሬበታለሁ። በመጨረሻ አንዱ መስመር ሠመረለት፤ ይሁን እንጂ እጁ የተማረው መሥመርን ሳይሆን መጠበቅን ነው፤ አንድ ቀን በዕድል ይወጣል ብሎ መጠበቅን። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ልምምድ ላይ እነዚህን ቁልፎች አለመንካት ይገባል። የተበላሸው ገጽ ይቀመጥ፥ ቀን ይጻፍበት፥ አዲስ ገጽ ይከፈት። ወሩ ሲያልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም መምህር ሙገሳ ይበልጣል። በሥራ ጊዜ ደግሞ፥ ማለት ለሰው የሚሰጥ ሥዕል በሚሠራበት ጊዜ፥ እንደ ልብ ይጥፋ፤ ያኔ ጊዜ ገንዘብ ነው።

ሥዕሉን ማቅረብና ማጉላትም እንዲሁ ፈተና ነው። ስክሪኑ የአንዲቱን ዐይን ሽፋሽፍት ጠረጴዛ አሳክሎ ያሳያል። ጀማሪው ሽፋሽፍቱን እያስዋበ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ወደ ሙሉ ሥዕሉ ሲመለስ ዐይኗ ከጆሮዋ በታች ወርዳ ያገኛታል።

የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል መሣሪያም በፕሮግራሞቹ ውስጥ አለ፤ መስመሩ ከብዕሩ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ እንደሚጎተት ገመድ ተስተካክሎ ይከተላል። ለረጅም ጎባጣ መስመር ይጠቅማል። ከመጠን ሲያልፍ ግን የሁሉንም ሰው መስመር አንድ ዐይነት ያደርገዋል።

ፕሮግራምን በሚመለከት፥ ተማሪ የተሰረቀ ቅጂ ፍለጋ መንከራተት የለበትም። ክሪታ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በነጻ ይገኛል፥ ለሠዓልያን ተብሎ የተሠራ ነው። ስሙ በስዊድን ቋንቋ ጠመኔ ማለት ነው ይባላል። ኮምፒዩተሩ አሮጌ ከሆነ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኤ4 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ሲከፈት 2,480 በ3,508 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚፈልግ አንድ ሙሉ ሌየር ብቻውን 35 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ሃያ ሌየር ያበዛ ሰው 700 ሜጋባይት ደረሰ ማለት ነው፤ የቤተ መጻሕፍታችንን አሮጌ ኮምፒዩተር የሚያንቀው ይህ ነው። የወስፌ፥ የመስመርና የቀለም ሦስት ሌየር ለጀማሪ ይበቃል።

መብራት መጥፋቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ደቂቃውንም ማሳጠር ነው። ሌየሮቹ ሳይጨፈለቁ እንዲቀመጡ በፕሮግራሙ በራሱ ፋይል ይቀመጥ፤ ለጓደኛ የሚላከው ቅጂ ብቻ ወደ ፒኤንጂ ይለወጥ። በጄፔግ የተቀመጠ የመስመር ሥዕል በየጊዜው በተቀመጠ ቁጥር ዳር ዳሩ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሰሌዳ ለሌለውም ተስፋ አለ። በስልክ ላይ በጣት መሣል ይቻላል፤ የጣት ግፊት ስለማይለካ መስመሩ ሁሉ እኩል ውፍረት ይሆናል እንጂ የሌየርን ጥበብ በሚገባ ያስተምራል። ሐረግን በጣቷ በስልክ የምትሥል አንዲት የማደሪያ ጓደኛዬ ሰሌዳ ካላቸው ሁለት ወንዶች ይበልጥ የተካነች ናት፤ ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል? የሚል ይኖራል። ሠዓሊው ዓለ ፈለገ ሰላም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አልቀረም። ዛሬ ግን መልሱ ከፊታችን ነው። በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በሥዕል በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። በአዲስ አበባ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ሦስት ልጃገረዶች ጀግኖች የሆኑበትን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠርቷል። እነዚህን የሚሥሉ እጆች ያስፈልጋሉ። የልጆች መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው ሠዓሊ ሲያጣ ወደ ምስል ፈጣሪው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሄዳል። እርሱም የገበያ ቦታ ሣልልኝ ሲሉት ቆንጆ ሥዕል ያወጣል፤ በሱቁ ሰሌዳ ላይ ግን ፊደል የሚመስል፥ ማንም ሊያነበው የማይችል ጭረት አድርጎበት ይገኛል። ታናሽ እኅቴ ይህን የመሰለ ሥዕል አይታ «ይሄ የምን አገር ፊደል ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ገና መጀመሯ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለት ትናንሽ ሰሌዳዎች ተገዝተው እንደ መጽሐፍ በውሰት ቢሰጡ፥ በሳምንት ሁለት ምሽት አንድ ክፍል ቢፈቀድ፥ በአንድ ሰሌዳ አራት ሰው ተራ በተራ ሊማር ይችላል። አንዱ በሰሌዳ ሲሠራ ሌሎቹ ያንኑ ሐረግ በእርሳስ ይሠሩታል። እስክሪብቶ ጫፍ እንደሚያልቅ ሁሉ የብዕሩም ጫፍ ስለሚያልቅ የመለዋወጫውን ዋጋ ተዋሹ ቢከፍል ተገቢ ነው።

እስከዚያው ለዚህ መጽሔት ሥዕል ማዘጋጀት የሚወድ ሁሉ የማባዣ መኪናችንን ጠባይ ይወቅ። ግራጫ አይቀበልም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ የፈዘዘ ጥላ ያለበት ሥዕል ጭቃ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ረገድ የብራናው መስመር ለኛ መኪና ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሥዕሉ በኢንች 300 ነጥብ ይሁን፤ የቀለሙ ሌየር ይደበቅና የመስመሩ ብቻ ይቅር፤ ከ3 ነጥብ የቀጠነ መስመር፥ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያነሰ፥ በማባዣው ላይ ይቆራረጣል። በገጹ ግራ በኩል ለመርፌው ሁለት ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተው። የወስፌውን ሌየር መደበቅ የረሳ ሰው ሥዕሉ ከነመስመሩ ይታተምበታል፤ ባለፈው እትም በገጽ 11 ላይ የወጣው ዋርካ እንዲያ ነው የሆነው፤ ብዙ ሰዎች አጥር ያለው ዋርካ መስሏቸው ወደውታል።